አንድ ጉንፋን ከስምንት አጃቢ ጋር

ከመጀመሪያው ልናገርና ይውጣልኝ፤ እኔ ሲያመኝ ጎበዝ አይደለሁም። ጤነኛ ስሆን ሸማ ተራ ውስጥ ኮስታራ ከሚባሉት ነጋዴዎች አንዱ ነኝ። አፍንጫዬ ሲዘጋ ግን እናቴን እጠራለሁ። ባለቤቴ ይህን ስለምታውቅ ማቃሰት ስጀምር «እግዜር ይማርህ» ብላኝ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። ስለዚህ እኔ የምታመመው ሱቅ ሄጄ ነው። ሱቅ ውስጥ ቢያንስ የሚሰማ ሰው አለ።

ነገሩ የሆነው ባቡር ይመጣል ተብሎ የከተማው መንገድ ሁሉ በተቆፈረበት ጊዜ ነው። ከአቧራው ይሁን ከብርዱ እንጃ፣ በዚያ ሰሞን አንድ ክፉ ጉንፋን መርካቶ ገባ። መርካቶ ለገባ ዕቃ ሁሉ ስም ማውጣት ያውቅበታልና ጉንፋኑን «ጅምላ» አለው። አንድ አንድ ሰው እየመረጠ በችርቻሮ አይሠራማ። ሰኞ አንድ ሱቅ ካስነጠሰ ረቡዕ መደዳው በሙሉ ያስላል። ልብስ ሰፊው ጎረቤቴ ቶፊቅ ባስነጠሰ ቁጥር የስፌት መኪናውን ፔዳል ስለሚረግጠው፣ የዚያን ሳምንት የሰፋው ቀሚስ ሁሉ ስፌቱ ወደ አንድ በኩል ሄዷል። ደንበኞች አዲስ ፋሽን መስሏቸው ገዙት።

እኔን የያዘኝ ሐሙስ ጠዋት ነው። ራሴን ይወቅረኛል፣ ጉልበቴ ይርዳል፣ አንዴ ይሞቀኛል አንዴ ይበርደኛል። የጋቢ ክምር ላይ ተጋደምኩና ለቶፊቅ መናዘዝ ጀመርኩ። ልጆቼን አደራ አልኩት። ያልተሸጡትን ቀሚሶች ለየትኛዋ እህቴ የትኛውን እንደሚሰጥ ሁሉ በየቀለማቸው ነገርኩት። ቶፊቅ መጀመሪያ ሳቀ። በኋላ፣ የምሬን መሆኔን ሲያይ፣ ደንግጦ ወጣና መደዳውን ጠራ።

እዚህ ላይ የተራችንን ልማድ ማወቅ ያስፈልጋል። እኛ ዘንድ ሰው ብቻውን አይታመምም። አንዱ ሐኪም ቤት ሊሄድ ነው ከተባለ ጎረቤቱ ሱቁን ዘግቶ ያጅበዋል። ያላጀበ ሰው፣ በሽተኛው ድኖ፣ ወፍሮ፣ ልጅ ድሮ እንኳ ነገሩ ይነሣበታል። «እኔ ስታመም አንተ የት ነበርክ» ለሚለው ጥያቄ መልስ ያገኘ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም። በዚህ ምክንያት ሰባት ሰው በአንድ ጊዜ መዝጊያውን ሳበ። ጥለት የሚሸጡት እትዬ ዘነበች የአጥሚት ፔርሙዝ ይዘው መጡ። ቶፊቅ ሲኒማ ራስ ድረስ ሮጦ ሚኒባስ በኮንትራት ይዞ ተመለሰ።

ስምንተኛው አጃቢ ጋሼ ሽኩር ነበሩ። እሳቸው ይመጣሉ ብሎ የጠበቀ ሰው አልነበረም፤ እኔም ጭምር።

ጋሼ ሽኩር ሱቃቸው ከሱቄ ጎን ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጋቢ የሸጡ ሽማግሌ ናቸው። እኔና እሳቸው ከተኮራረፍን ስምንት ወራችን ነበር። ምክንያቱ ሸራ ነው። ፀሐይ ዕቃዬን እንዳያደበዝዝብኝ ከሱቄ ፊት የወጠርኩት ሸራ፣ ክረምት ሲገባ ውሃውን ሰብስቦ እሳቸው ደጃፍ ላይ ያወርደው ጀመር። አንሣው አሉኝ። ነገ አልኳቸው። ነገ፣ ነገ ስል ሰነበትኩና አንድ ቀን ዶፍ ወርዶ በር ላይ የደረደሩትን ጋቢ ሁሉ አበሰበሰባቸው። አልጮሁም፣ አልከሰሱኝም፤ ሰላምታቸውን ብቻ አቆሙ። ይቅርታ ልጠይቅ ተነሥቼ በራቸው ላይ ስደርስ «ደግሞ ለሸራ?» ብዬ የተመለስኩባቸው ቀኖች ብዙ ናቸው። ኩራት ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ሸራውንም አላነሣሁትም፤ ካነሣሁት ጥፋተኛ ነኝ ማለት ይሆናል ብዬ።

ያን ዕለት ግን ሱቃቸውን ዘግተው፣ የራሳቸውን ጋቢ ለብሰው፣ ታክሲው ውስጥ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ወደ እኔ አላዩም። እኔም ወደ ኋላ አልዞርኩም። እንዳኮረፉ ማጀብ እንደሚቻል ያወቅሁት ያኔ ነው።

የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኛ ስለነበር። በሩ ላይ ዘበኛው አስቆመንና ሕጉን ነገረን። ድንገተኛ ክፍል የሚገባው ካርድ ያወጣ በሽተኛ ነው፤ ለአንድ በሽተኛ አንድ አስታማሚ። ሌላው ውጭ ይጠብቅ። በሕጉ ማንም አልተቆጣም። መርካቶ ውስጥ ሰው በሕግ አይቆጣም፤ ቀዳዳውን ይፈልጋል። ቀዳዳውን ያገኘው ቶፊቅ ነው። ካርድ ክፍሉ ከበሩ ውጭ ስለነበር ሄዶ ተሰለፈና ለእያንዳንዱ አጃቢ ካርድ አወጣ። ከታክሲ ስንወርድ አንድ በሽተኛና ስምንት አጃቢ ነበርን። በሩን ስናልፍ ዘጠኝ በሽተኞች ሆንን። በቶፊቅ ብልሃት ሁላችንም ኮራን፤ ውስጥ የሚጠብቀንን አላወቅንማ።

ውስጡ ሌላ መርካቶ ነው። ጅምላ የያዘው ሕዝብ ሁሉ እዚያ ነበር። አግዳሚ ወንበር ሞልቷል፣ ወሳንሳው ሞልቷል፣ ኮሪደሩ ላይ ካርቶን አንጥፎ የተኛ አለ። በዚያ ሁሉ መካከል ሲስተር ገነት የምትባል ቀጠን ያለች ነርስ የካርድ ክምር ይዛ ትዞራለች። ስም ትጠራለች፣ ትለካለች፣ ካርዱ ላይ ባለቀለም ወረቀት ትለጥፋለች። እዚህ ቀድሞ የመጣ ሳይሆን የባሰበት ነው የሚቀድመው እያለች ለሁሉም ታስረዳለች። ቀይ የተለጠፈበት አሁኑኑ ሐኪም ያየዋል፣ ቢጫው ይከተላል፣ አረንጓዴው መጠበቅ ይችላል።

እኔ ጋ ደረሰች። ሙቀቴን ለካች፣ ደረቴን አዳመጠች፣ ጣቴን በአንዲት ትንሽ መቆንጠጫ ይዛ ቁጥር አነበበች። ከዚያ አረንጓዴ ለጠፈች። ጉንፋን ነው፣ ብዙ ፈሳሽ ይጠጡ፣ ቤትዎ ሄደው ቢያርፉ ይሻላል አለችኝ።

በሕይወቴ እንደዚያ ተዋርጄ አላውቅም። ስምንት ሰው ሱቁን ዘግቶ አጅቦኝ፣ ተናዝዤ ወጥቼ፣ «ውሃ ጠጣ ተባልኩ» ብዬ በየት በኩል ነው የምመለሰው? ቢያንስ ቢጫ እንድታደርግልኝ ለመንኳት። አይቻልም አለች። በቢጫና በአረንጓዴ መካከል ያለ ቀለም እንደሌላት ጠየቅሁ። ጥለት ስሸጥ ደንበኛ እኔን የሚያደክመኝ በዚህ ጥያቄ ነው። ሲስተር ገነት ለአፍታ አየችኝ። በበሽታ ሲከራከር ያየችው የመጀመሪያው ሰው ሳልሆን አልቀርም። ወደሚቀጥለው ካርድ አለፈች።

የሚቀጥለው ካርድ የእትዬ ዘነበች ነበር።

ስማቸው ሲጠራ ፔርሙዛቸውን ይዘው ቀረቡ። ምን እንደሚያማቸው ተጠየቁ። እኔስ ደህና ነኝ፣ እሱ ነው እንጂ የታመመው ብለው ወደ እኔ ጠቆሙ፤ ጨምረውም አጥሚቱን አሁን ልስጠው ወይስ ከመርፌው በኋላ ብለው ጠየቋት። ቀጥሎ የተጠራው ሰውም ደህና ነኝ አለና እኔን ጠቆመ። ሦስተኛው ቶፊቅ ነበር። እሱ ለዘዴው ታማኝ ሆኖ ሆዴን ነው አለ። የትኛው ጋ ስትለው ወገቡን ያዘ። በዚህ መካከል አንዲት ሕፃን የታቀፈች እናት ግድግዳ ሥር ቆማ ትጠብቃለች። ካርዷ ከእኛ ካርዶች በታች ነው።

ሲስተር ገነት ክምሩን ይዛ ወደ አግዳሚው መጣችና ከመርካቶ የመጡት የማን ናቸው አለች። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። በመጨረሻ እጄን አወጣሁ። አልጮኸችም። የተናገረችው ቀስ ብላ ነው፤ ግን ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» ወርጄ ነበር።

«እኔ ብቻዬን ነኝ ዛሬ፤ ጓደኞቼም በዚሁ ጉንፋን ተኝተዋል» አለችኝ። «አንድ ደህና ሰው በለካሁ ቁጥር አንድ የታመመ ሰው ይጠብቃል። የአንተን ሰዎች ካርድ ለይልኝ።»

አፈርኩ። ሐፍረቴ ግን ብዙ አልቆየም፤ ወዲያው ሥራ የተሰጠኝ ሰው ሆንኩ። እኔ ሥራ ሲሰጠኝ እድናለሁ። ክምሩን ተቀብዬ፣ ጋቢ በየዓይነቱ እንደምለየው፣ ይሄ አጃቢ ነው፣ ይሄም አጃቢ ነው እያልኩ ማውጣት ጀመርኩ። ከመጨረሻዎቹ አንዱ የጋሼ ሽኩር ነበር። ቀና ብዬ ፈለግኋቸው። ከኮሪደሩ ጫፍ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። እሳቸውም አዩኝ። አንድ ነገር ሊሉ ከንፈራቸው ተላቀቀና መልሶ ገጠመ።

«ይሄም አጃቢ ነው» አልኩ፤ ካርዳቸውን አውጥቼ ሰጠኋት።

ዘበኛው ተጠርቶ ሰዎቼን እየነዳ አስወጣቸው። ጋሼ ሽኩርን ዕድሜያቸውን አይቶ፣ አባባ እርስዎ ቀስ ብለው ይውጡ ብሎ አለፋቸው። ያ ሁሉ ሰው ሲወጣ በኮሪደሩ መሐል መንገድ ተከፈተ። ሕፃን የታቀፈችው እናት እትዬ ዘነበች የነበሩበት ቦታ ላይ ተቀመጠች፤ ወዲያውም ስሟ ተጠራ። ለሕፃኑ ቀይ ተለጠፈ። እውነቱን ለመናገር ያኔ ነው የገባኝ። ድንገተኛ ክፍሉን ያጣበበው ጅምላ ብቻ አልነበረም፤ እኛም ነበርን፣ ያውም በፍቅራችን። ክፉ ሰው መንገድ ቢዘጋ ይነገረዋል። ፔርሙዝ ይዞ የመጣን ሰው ግን ምን ብለህ ትቆጣዋለህ?

ይህን ሳስብ ዓይኔ ጋሼ ሽኩር ላይ አረፈ። አልወጡም። ከነበሩበት ሁለት እርምጃ ብቻ ተራምደው እንደገና ግድግዳውን ተደግፈዋል። የጋቢያቸው አንድ ጫፍ ከትከሻቸው ተንሸራቶ መሬት ነክቷል።

ጋሼ ሽኩርን የሚያውቅ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ጋቢ መሬት ሲነካ አይችሉም። ደንበኛ ሲለብስ ጫፉ ወለሉን ከነካ፣ ወገባቸውን እያመማቸውም ቢሆን ጎንበስ ብለው ያነሡለታል። መንገድ ላይ የማያውቁትን ሰው አስቁመው «ልጄ፣ ጋቢህ» ይሉታል። እንዲህ ያሉት ሰው የገዛ ጋቢያቸው የሆስፒታል ወለል ላይ ተጎትቶ ዝም አሉ። አላዩት ይሆናል አልኩ። አንሡት ልላቸው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ስምንት ወር ያልተናገርኩ ሰው፣ ኩርፊያውን እኔ ልስበር? እሳቸው ይጀምሩ።

የፅዳት ሠራተኛዋ በረኪና በገባበት ውሃ እየወለወለች መጣች። ጋሼ ሽኩር አጠገብ ስትደርስ ውሃው ወደ ጋቢው ጫፍ ሄደ። ጥቁር ሰማያዊው ጥለት ውሃው ውስጥ ገባ። በረኪና ጥለትን ምን እንደሚያደርገው ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ ሰው የለም። ጎንበስ ብለው አዩት። እጃቸውን ወደ ጋቢው ሰደዱ፤ እጃቸው ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። ማንሣት አቅቷቸው ነው።

እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። ከጠዋት ጀምሮ ይርድ የነበረው ጉልበቴ ሮጠ። ደግፌ ስይዛቸው ሰውነታቸው እሳት ነው፤ ትንፋሻቸው አጭር፣ ከላይ ከላይ። ሲስተር ብዬ ተጣራሁ። መጣች፣ መቆንጠጫዋን ጣታቸው ላይ አደረገች፣ ቁጥሩን አየች፣ እኔንም አየችኝ።

«አጃቢ ናቸው አላልከኝም?»

«ብያለሁ» አልኩ።

ከመቼ ጀምሮ እንዳመማቸው ጠየቀቻቸው። ከማክሰኞ አሏት። ታዲያ ካርድዎ ከክምሩ ሲወጣ ለምን ዝም አሉ፣ እኔም ታምሜያለሁ አይሉም ነበር ስትላቸው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

«ከዚህ ሰውዬ ጋር አልነጋገርም» አሏት።

ወሳንሳ ያስፈልግ ነበር፤ ወሳንሳ የለም። ኦክስጅኑ አጠገብ ባለው ላይ የተኛው ጎልማሳ ሕክምናውን ጨርሶ መሄድ ይችላል ተብሎለታል፤ ግን ከአብነት መጥቶ የሚወስደው ዘመድ እየጠበቀ ነው። ሌሎችም ጨርሰው፣ ደግፎ የሚወስዳቸው አጥተው የተቀመጡ ነበሩ። ሲስተር ገነት ይህን ስትነግረኝ በር ላይ ያለው የእኛ ሚኒባስ ትዝ አለኝ። ሰባት ሥራ ፈት አጃቢ፣ አንድ ባዶ መኪና። ሮጬ ሄጄ ነገርኳቸው። ቶፊቅ ገባና ጎልማሳውን ደግፎ አወጣው፤ እትዬ ዘነበች አንዲት አሮጊት ይዘው ወጡ። ሌሎቹም አንድ አንድ ሰው ደግፈው ገቡና ታክሲው ወደ አብነት ሄደ። በኋላ እንደሰማሁት እትዬ ዘነበች አጥሚቱን ለማያውቋቸው አሮጊት አጠጥተው፣ ቤታቸው አስገብተው፣ ጎረቤት ጠርተው አደራ ሰጥተው ነው የተመለሱት። እኔ ጠብታ አልደረሰኝም።

ጋሼ ሽኩር ወሳንሳው ላይ ወጡ፣ ኦክስጅን ተደረገላቸው። የሳንባ ምች ነው ተባለ። ሐኪሙ ትንሽ ቢቆዩ ኖሮ አለና አልጨረሰውም። እኔ ግን ጨረስኩት፤ እስከ ዛሬም እየደጋገምኩ እጨርሰዋለሁ። አስታማሚያቸው ማነው ስትል ሲስተር ገነት ግራ ቀኝ አየሁ። አጅበው የመጡ እንጂ የሚያጅባቸው ይዘው የመጡ አልነበሩም። እኔ ነኝ አልኳት። አረንጓዴ የተለጠፈበትን ካርዴን አይታ የአፍ መሸፈኛ ሰጠችኝና ራቅ ብዬ በሩ ጋ እንድቀመጥ አዘዘችኝ። ልጃቸው እስኪመጣ ከዚያ አልተነሣሁም። ራስ ምታቴ የት እንደገባ አላውቅም።

ሲስተር ገነት መድኃኒት ልትሰጣቸው ስትመጣ ነገሩ ከንክኗት፣ ከማይነጋገሩት ሰው ጋር ለምን መጡ አለቻቸው። በሩ ጋ ሆኜ ሰማሁ።

«ኩርፊያው የእኔና የሱ ነው» አሏት። «መታመሙ ግን የተራችን ሁሉ ነው።»

በማግስቱ ደግሞ ቶፊቅ፣ ያ ሁሉ የሆነው በኔ ዘዴ ነው ብሎ ሲጸጸት፣ ስንት ካርድ እንዳወጣ ጠየቅሁት። ለአጃቢ ሰባት አለኝ። ጋሼ ሽኩር ብቻቸውን ሌላ መስኮት ላይ ተሰልፈው የራሳቸውን አውጥተዋል። ከዚያ ክምር ውስጥ የለየሁት ስምንት ካርድ ነው። ሰባቱ ውሸት፣ አንዱ እውነት። እኔ እውነቱንም አብሬ ጣልኩት።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ ዛሬ ይወጣሉ ተባለ። ሸማ ተራ ሊቀበላቸው በሙሉ ተነሣ፤ ስምንት ሰው እንደ ልማዱ መዝጊያውን ያዘ። ከዚያ ሁሉም እርስ በርሱ ተያየና መልሶ ከፈተ። ብዙ ክርክር ተደርጎ አንድ ሰው ብቻ ይሂድ ተባለ፤ እኔ ተላክሁ። ታክሲ ውስጥ አልተነጋገርንም። ሱቃቸው ደርሰው ከተቀመጡ በኋላ፣ አሳጥቤ ያስቀመጥኩትን ጋቢያቸውን ከፌስታል አውጥቼ ሰጠኋቸው። ዘርግተው ጫፉን ፈለጉ። ጥቁር ሰማያዊው ጥለት በአንድ ክንድ ያህል ቦታ ነጥቷል። በጣታቸው ዳሰሱት።

«ምን አገኘው?» አሉኝ። ከስምንት ወር በኋላ የተናገሩኝ የመጀመሪያው ቃል ነው።

«በረኪና ነው፣ ጋሼ። ወለሉ ላይ ወድቆ።»

«ሲወድቅ አይተኸዋል?»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አላነሣኸውም?»

እርስዎ እስኪጀምሩ ጠብቄ ነው ልላቸው አልቻልኩም። ወጥቼ ከቶፊቅ መሰላል ተበደርኩና ሸራውን ልፈታ ወጣሁ። ከላይ ሆኜ ገመዱን ስታገል መሰላሉ ሲረጋ ተሰማኝ። ቁልቁል አየሁ። ጋሼ ሽኩር ያንን ጋቢ ለብሰው፣ የነጣውን ጫፍ ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ በሁለት እጃቸው መሰላሉን ይዘውልኛል።

«ቀስ በል» አሉኝ። «ብትወድቅ የሚያስገቡት አንድ ሰው ነው። የምመጣው ደግሞ እኔ ነኝ።»